የፓርቲው ካዝናና የጎንደር ወጣት

በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ሆነ ከእነሱ በኋላ በመጣው ዘመነ መሳፍንት፣ የአንድ ጌታ ኃይል ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ የግብር አዳራሹ ስፋት ነበር። ጌታው ሠንጋ ያሳርዳል፣ ጠጅ ያስቀዳል፤ ተከታዩ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በማግሥቱም ጋሻና ጦሩን አንሥቶ ወደታዘዘበት ይዘምታል። ዘመቻው ስለምን እንደሆነ፣ ምርኮውም ለማን እንደሚውል ጌታውን መጠየቅ የበላተኛው ወግ አልነበረም። ጠያቂው ያበላው ነበርና።

ይህ ዓይነቱ ግንኙነት ከፊውዳሉ ሥርዓት ጋር አብሮ ተቀብሯል የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ሆኖም በስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ተሰልፎ የውሎ አበል የሚቀበለውን፣ የፓርቲ ምልክት የታተመበት ካናቴራ የሚታደለውን፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ለድጋፍ ሰልፍ የሚወጣውን ወጣት ስንመለከት፣ ግብሩ መልኩን ለወጠ እንጂ ጨርሶ አልቀረም ለማለት እንገደዳለን። ሠንጋው አበል ሆኗል፤ ጋሻው ባንዲራ ሆኗል። የጠያቂና የተጠያቂ ቦታ ግን እንደነበረ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አንድ መብት ነው። ይኸውም ወጣቱ ለሚያምንበት የፖለቲካ ድርጅትና ለምርጫ ዘመቻው ከገዛ ኪሱ የማዋጣት፣ ያዋጣው ገንዘብም የት እንደዋለ የመጠየቅ መብት ነው። ከመናገር፣ ከመሰብሰብና ከመምረጥ መብቶች ጎን ሲቀመጥ ይህ መብት እጅግ ትንሽ ይመስላል። «ሥራ የሌለው ወጣት ምን አለውና ያዋጣል?» የሚልም አይጠፋም። እኛ ግን የፖለቲካ ድርጅት ቁሳዊ መሠረቱ ካዝናው ነው፤ ካዝናውን የሚሞላውም መስመሩን ይቀይሳል ብለን ስለምናምን፣ ጥያቄውን ከሥሩ ልንመረምረው እንወዳለን።

በቅድሚያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዳለው፣ በፖለቲካ ድርጅትም በፈቃዱ አባል የመሆን መብቱ የተጠበቀ እንደሆነ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ ድርጅቶች ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ስጦታና ከመንግሥት ድጋፍ ገቢ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ከውጭ ዜጋና ከውጭ ድርጅት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ማንነቱ ካልታወቀ ለጋሽም እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሒሳባቸውን አስመርምረው ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የማቅረብ ግዴታም አለባቸው። ይኸው አዋጅ አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም ቀድሞ ይጠየቅ የነበረውን 1,500 መሥራች አባል ወደ 10,000፣ የክልል ፓርቲ ለማቋቋም ይጠየቅ የነበረውን 750 ደግሞ ወደ 4,000 አሳድጎታል። በወቅቱ ብዙ ድርጅቶች ቁጥሩ በዛብን ብለው አጉረምርመዋል። የአባል ብዛት ማለት ግን በሌላ አነጋገር የአዋጪ ብዛት ማለት ነው። ይህን ያሰበበት ድርጅት ግን ጥቂት ነበር።

ስለዚህ 18 ዓመት የሞላው የአዘዞ ወይም የደባርቅ ወጣት የማዋጣት መብት በወረቀት ላይ አለው። ታዲያ መብቱ በተግባር ስለምን አይታይም?

ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎንደር ራሷ ትናገራለች። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ 547ቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙት። ከዚያ 14 ወራት ብቻ ቆይቶ፣ ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. በከተማው የተደረገው ሙከራ ግጭት ካስነሣ በኋላ፣ ሐምሌ 24 ቀን የጎንደር ወጣት አደባባይ ሞልቶ ወጣ። በምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር ያልነበረው ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ያዘ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ገንዘብ ነበር አንልም፤ እንዲህ ያለ ትንተና ማቃለል ይሆናል። ነገር ግን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚከራይበት፣ በየምርጫ ጣቢያው ታዛቢ የሚያሰማራበት፣ ወረቀት የሚያሳትምበት ገንዘብ የሌለው ሕጋዊ ድርጅት የወጣቱን ጥያቄ ተሸክሞ ምክር ቤት ሊያደርስ አይችልም። ያልተሸከመው ጥያቄ ደግሞ በእግሩ ይወጣል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫም፣ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች መካከል ብልጽግና ፓርቲ 410 ሲያገኝ፣ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመሠረተውና ብዙ ወጣቶችን ያሰባሰበው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5 ብቻ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጥያቄውም ከአደባባይ ወደ ጠብመንጃ ተሸጋገረ። እግሩን፣ ድምፁንና ደሙን ለፖለቲካ ሲገብር የኖረው ወጣት ያልገበረው አንድ ነገር ቢኖር ደረሰኝ የተቆረጠለት አሥር ብር ነው።

ይህ የሆነው ድርጅቶቹ የወጣቱን አሥር ብር ስላልፈለጉት ነው። ስለምን አልፈለጉትም? ለዚህ ጥያቄ የጎንደር ከተማ ዓይነተኛ መልስ አላት። ስሙን ከሰሜን ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ የወሰደው ዳሽን ቢራ ፋብሪካ የሚገኘው በዚሁ ከተማ ነው። ፋብሪካው ጥረት ኮርፖሬት በተባለው ኢንዶውመንት ሥር የቆመ ነበር፤ የጎንደር ብቅል ፋብሪካም እንዲሁ። ጥረት ደግሞ በዚያን ጊዜ ክልሉን ያስተዳድር ከነበረው ከብአዴን ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ በረከት ስምዖን፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ታደሰ ካሣ፣ ሁለቱም የድርጅቱ ነባር መሪዎች ነበሩ። በሕግ ዓይን ኢንዶውመንቱ የፓርቲ ንብረት አልነበረም፤ ለሕዝብ ልማት የቆመ ተቋም ነው ይባል ነበር። ሕጉም ፓርቲ በንግድ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ይሁን እንጂ የኢንዶውመንቱና የድርጅቱ መሪዎች አንድ በሆኑበት ሁኔታ፣ የወገራና የዳባት ገበሬ ያመረተው ብቅል ገብስ፣ የከተማው ወጣት የሚጠጣው ቢራም ሳይቀር፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በውል ሊታወቅ ወደማይችል አንድ ካዝና ይፈስ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ወጣቱ በዚህ መንገድ በየቀኑ ያዋጣ ነበር፤ ነገር ግን የሚያዋጣ መሆኑን አያውቅም ነበር። ደረሰኝ አልተሰጠውም፤ በጉባኤ አልተጠራም፤ ሒሳብ አልቀረበለትም። የማያውቁትን መዋጮ መጠየቅ አይቻልም። ጉዳዩ ይፋ የወጣው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ብአዴን ሁለቱን መሪዎች ከማዕከላዊ ኮሚቴው ባገደበት፣ በጥር 2011 ዓ.ም. በተያዙበትና በ2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ከጥረት ጋር በተያያዘ ክስ ጥፋተኛ ብሎ በአቶ በረከት ላይ የ6፣ በአቶ ታደሰ ላይ የ8 ዓመት እስራት በበየነበት ጊዜ ነው። ክርክሩ በፍርድ ቤት ተጀምሮ በፍርድ ቤት ያለቀ በመሆኑ፣ ትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ። ከሕዝብ ኪስ በማይታወቅ ቦይ የሚጠጣ ድርጅት ለአባሉ መዋጮ ምን ደንታ ይኖረዋል?

የላይኛው ገበታም ከዚህ የተለየ ትምህርት አይሰጥም። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ቀጥሎ የመጣው «ገበታ ለሀገር» ደግሞ ለእኛው አካባቢ ለጎርጎራ ጭምር የታሰበ ነበር። ገንዘቡ ለከተማ ማስዋብና ለቱሪዝም ልማት እንጂ ለፓርቲ እንዳልነበረ እናውቃለን፤ ይህን አናምታታም። ለመመዘኛ ያህል ግን እንጠቀምበት። አንድ የክልል ፓርቲ ሕጉ የሚጠይቀው 4,000 አባል ቢኖረው፣ እያንዳንዱም በወር 10 ብር ቢያዋጣ፣ በወር 40,000 ብር ይሰበስባል። የአንዲቱን ወንበር ዋጋ ለማግኘት 125 ወራት፣ ማለትም ከአሥር ዓመት በላይ ሊሰበስብ ይገባዋል። የአንድ ባለሀብት እራትና የ4,000 ወጣቶች የአሥር ዓመት ታማኝነት በአንድ ሚዛን እኩል ሲቆሙ፣ የፓርቲ መሪ ስልክ የሚያነሣው ለማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በሌላ አገር ይህን ሚዛን የሰበሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ለመሆን የተወዳደሩት በርኒ ሳንደርስ አማካይ ልገሳቸው 27 ዶላር መሆኑን መፈክር አድርገውት ነበር፤ ከለጋሾቻቸውም ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። አላሸነፉም። ቢሆንም የባለሀብት እራት ሳይበሉ እስከ መጨረሻው ዙር ተጉዘዋል።

ሁለተኛው መሰናክል ከመጀመሪያው ይከብዳል። እርሱም ፍርሃት ነው። የጎንደርን ታሪክ የማያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት ከስንፍና ሊቆጥረው ይችላል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ማግሥት የጎንደር ተማሪ ከአገሪቱ ወጣቶች ሁሉ ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዱ ነበር። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሲዘምቱ አብሮ ዘምቷል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው ሲያስረዳ ውሏል። የዚያ ትውልድ ኅቡዕ ድርጅቶች ከአባሎቻቸው መዋጮ ይሰበስቡ ነበር፤ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። ከዚያም ቀይ ሽብር መጣ። በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳዳሪነት ዘመን በጎንደር ክፍለ ሀገር የወጣቱ ደም እንደ ውኃ ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ስም ሆኖ መገኘት ለሞት በቂ ነበር፤ ከአንዱ ታሳሪ ኪስ የተገኘ ዝርዝር ለሌላው መጥሪያ ይሆን ነበር። የአዋጪዎች መዝገብ የሟቾች መዝገብ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ያየች እናት ዛሬ አያት ሆናለች። የልጅ ልጇ የፓርቲ አባል ልሁን ብሎ ቢነግራት መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ፓርቲው ዓላማ አይደለም፤ «ስምህን ጻፍህላቸው ወይ?» ብላ ነው። ሕጉ ማንነቱ ካልታወቀ ለጋሽ መቀበልን ሲከለክል በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ ስውር ገንዘብ ስውር ጌታ ያመጣልና። ነገር ግን ለአንድ ቱጃር ስም መግለጽ ግልጽነት ሲሆን፣ ለአንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። የቀበሌው ሹም፣ የሥራ ዕድል ፈጠራው ባለሙያ፣ ብድር ፈቃጁና የፓርቲው ኃላፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚገናኙበት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ለተቃዋሚ ድርጅት የተቆረጠ የ20 ብር ደረሰኝ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ወጣቱ ያውቀዋል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ የወጣቶች ፈንድ ሲቋቋም ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች ወረደ እንጂ፣ ወጣቱ ከሰጪው ፊት ቀና ብሎ የሚቆምበት ሁኔታ አልተፈጠረም። ተበዳሪ አበዳሪውን በምርጫ ይቃወማል ብሎ መጠበቅ የሰውን ጠባይ አለማወቅ ይሆናል።

የጀርመንና የአሜሪካ ሕጎች ለዚህ ችግር ያገኙት መላ ሊጠና ይገባዋል። በጀርመን የለጋሹ ስምና አድራሻ በፓርቲው ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ላይ የሚታተመው ስጦታው በዓመት ከ10,000 ዩሮ ሲበልጥ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ምርጫም የለጋሹ ዝርዝር ለሕዝብ የሚገለጸው በጠቅላላው ከ200 ዶላር በላይ ሲሰጥ ነው። የትንሹ ሰው ስም በድርጅቱ መዝገብ አለ፤ መርማሪው ያየዋል፤ ጎረቤቱና ሹሙ ግን አያዩትም። ትልቁ ገንዘብ በፀሐይ፣ ትንሹ ገንዘብ በጥላ ይቀመጣል። ለጎንደር የሚበጀው ይህ ነው እንላለን፤ ድንበሩም በብር ተተምኖ በግልጽ መጻፍ አለበት። የአዋጪዎችን መዝገብ ለቀበሌ፣ ለጸጥታ አካል ወይም ለአሠሪ አሳልፎ የሰጠ የፓርቲ ሹምም በወንጀል ሊጠየቅ ይገባል።

ስለ ግዴታ መዋጮም ጥቂት እንበል፤ ነገሩ የታወቀ ስለሆነ አናረዝመውም። በደርግ ዘመን በአኢወማ የተደራጀው ወጣት፣ በቀበሌ ማኅበር የታቀፈው ከተሜ፣ በገበሬ ማኅበር ያለው ባላገር ለድርቅ፣ ለጦርነትና ለበዓል እንዲያዋጣ ይታዘዝ ነበር። ከዚያ በኋላም የድርጅት መዋጮ ከደመወዝ ተቆርጦ ሲገባ አይተናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በቦንድና በ8100 አጭር ቁጥር በሚላክ ሳንቲም ጭምር ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ወጣቱ በሚያምንበት ጉዳይ ከመስጠት ወደ ኋላ እንደማይል አረጋግጧል። ግድቡ የአገር እንጂ የፓርቲ ስላልሆነ አናነጻጽረውም። ከሁሉም የምንወስደው ግን ይህን ነው፤ እምቢ ማለት የማይቻልበት መዋጮ ግብር እንጂ መብት አይደለም። የማዋጣት መብት ካለማዋጣት መብት ጋር አብሮ ካልተጠበቀ ከጥንቱ ገባርነት አይለይም።

አሁን ከከተማው ወጥተን ወደ ደጋው እንዝለቅ። በደባርቅ፣ በጃናሞራና በዳባት ያለው ወጣት አብዛኛው ከአባቱ መሬት ሌላ የራሱ መሬት የሌለው ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ የተወለደው ትውልድ የመሬት ባለቤትነት ተስፋው ውርስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ገንዘብ የሚያየው በዓል ሲደርስ በግ ሲሸጥ፣ ሰላም በነበረ ጊዜ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለጎብኚዎች በቅሎ ሲጭን፣ ወይም ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ነው። ለዚህ ሰው «ወርሃዊ መዋጮ ክፈል» ማለት የደመወዝተኛ ሐሳብ ነው። ወር በገባ ቁጥር የሚከፈል ገንዘብ በደጋው የለም። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰሊጥ አጫጁ ከቆላ በሚመለስበት ወይም ገብስ ከአውድማ በሚገባበት ጊዜ ቢሆን፣ በዓይነትም መስጠት ቢፈቀድለት፣ ሁለት ቁና ገብስ በገበያ ዋጋ ተገምቶ ቢመዘገብለት፣ ባላገሩ የፓርቲ አባል መሆን ይችላል። ማኅበርተኛው ጠላና ዳቦውን በየተራ የሚያወጣበት፣ እድርተኛው ሐዘን ሲደርስ የሚያዋጣበት ሥርዓት ከድርጅቶቻችን መተዳደሪያ ደንብ በላይ ለሕይወቱ የቀረበ ነው።

ወጣቱ ገንዘብ ማስተዳደር አይችልም የሚሉንም እዚህ ላይ መልስ ያገኛሉ። በጥምቀት ሰሞን ታቦት የሚያልፍበትን ምንጣፍ በየሰፈሩ አዋጥተው የሚገዙት ወጣቶች ናቸው። ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ደብተር ይይዛሉ፤ የተረፈውን ለከርሞ ያሳድራሉ፤ የጎደለ ሳንቲም ቢኖር በሰፈሩ መሐል ይጠያየቃሉ። ይህን ያህል ደንብ ያለው የፓርቲ ቅርንጫፍ ብዙ መኖሩን እንጠራጠራለን።

የዕድሜ ጥያቄ ቀርቶናል፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠርን ይፈቅዳል። መምረጥ የሚቻለው ግን በ18 ዓመት፣ መመረጥ ደግሞ በ21 ዓመት ነው። ስለሆነም የ16 ዓመት ሠራተኛ ላቡን ይሸጣል፤ በሚገዛው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይከፍላል፤ ስለ ቀረጡ የሚከራከርለትን ድርጅት ግን መደገፍ አይፈቀድለትም።

በአሜሪካ ይኸው ጥያቄ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የምርጫ ገንዘብ ማሻሻያ ሕግ 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ለዕጩዎችና ለፓርቲዎች እንዳያዋጡ ከልክሎ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ባለጸጎች የራሳቸው ኮታ ሲሞላ በልጆቻቸው ስም ይሰጣሉ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 2003 በሰጠው ፍርድ ክልከላውን ሻረው። ልጆችም ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደራጀት መብት አላቸው፤ ማጭበርበሩ በስፋት ስለመኖሩ የቀረበው ማስረጃ አነስተኛ ነው፤ መንግሥት የልጁን ልገሳ ከቤተሰቡ ኮታ ላይ እንደመቁጠር ያሉ ቀለል ያሉ መንገዶች ነበሩት አለ። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልገሳ የሚፈቀደው ውሳኔው የራሱ፣ ገንዘቡም የራሱ ሲሆን፣ ለዚሁ ሲባል ከሌላ ሰው ያልተሰጠው ሲሆን ነው። በጀርመንም የሶሻል ዴሞክራቱ ፓርቲ ከ14 ዓመት፣ የክርስቲያን ዴሞክራቱ ከ16 ዓመት ጀምሮ አባል ይቀበላል።

እኛ ይህን እንዳለ እንቅዳ አንልም። የእነሱ ሥጋት የአባት ገንዘብ በልጅ እጅ ማለፉ ነው፤ የእኛ ሥጋት ግን ሌላ ነው። የክፍል ኃላፊ መምህር ጠዋት በሰልፍ ላይ «ነገ ሁላችሁም አሥር አሥር ብር ይዛችሁ እንድትመጡ» ቢል የኢትዮጵያ ተማሪ ምን ያደርጋል? ለአባቱ ይነግራል፤ አባትየውም ዶሮውን ይሸጣል። ስለዚህ በእኛ አመለካከት በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ፣ በመምህርም ሆነ በተማሪ እጅ፣ ለየትኛውም ፓርቲ ገንዘብ መሰብሰብ በሕግ ሊከለከልና የሰበሰበውም ሊቀጣ ይገባል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው፣ በሕግ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ግን ከገዛ ደመወዙ በዓመት ከአንድ ቀን ውሎው ዋጋ ያልበለጠ እንዲያዋጣ ቢፈቀድለት ተገቢ ነው። አሠሪው ሊቆርጥበት አይገባም፤ ራሱ ሄዶ ይስጥ። አንድ ቀን ውሎ ማንንም ባለጸጋ አያደርግም፤ ማንንም አይገዛም። ያ ወጣት ግን 18 ዓመት ሲሞላው ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄደው እንደ ባለጉዳይ ይሆናል።

የመንግሥት ድጋፍ አሰጣጥም በዚሁ መንፈስ ሊታይ ይገባል። በጀርመን መንግሥት ለፓርቲዎች ድጋፍ የሚሰጠው ባገኙት ድምፅ ልክ ብቻ አይደለም፤ ከዜጎች ለተሰበሰበ እያንዳንዱ ዩሮ መዋጮ፣ በአንድ ሰው እስከ 3,300 ዩሮ ድረስ፣ 45 ሳንቲም ይጨምራል። በዚህ ሥርዓት ትንሹን ገንዘብ የናቀ ድርጅት የመንግሥቱንም ድጋፍ ያጣል። የእኛ ምርጫ ቦርድ ከሚያከፋፍለው ገንዘብ ከፊሉ በዚህ መንገድ ቢሰላ፣ ከ30 ዓመት በታች ካለ አባል ለተሰበሰበ አንድ ብር ሌላ አንድ ብር ቢታከልበት፣ የፓርቲ አደራጅ ወደ ጃናሞራ የሚወጣው ካናቴራ ተሸክሞ ሳይሆን የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ ይሆናል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር አምስት ብር ከሩቅ ለመላክ የሚያስችል መሆኑ ሥራውን ያቀልለታል። እርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ሁኔታ በስልክ ብቻ መታመን እንደማይቻል አይተናል፤ የወረቀቱ ደረሰኝም አብሮ መኖር አለበት።

ደረሰኙን የያዘ አባል ምን ያገኛል? ቢያንስ ሦስት ነገር ሊያገኝ ይገባል እንላለን። በቀበሌው ቅርንጫፍ ከተሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ እዚያው እንደሚቀር በጉባኤ ድምፅ መስጠት፤ የዕጩ ምርጫ ሲደረግ ካዋጪነቱ የተነሣ መጠራት፤ በዓመቱ መጨረሻም የቅርንጫፉን ሒሳብ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት። ሦስተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አራት ስፒል ነው።

ፓርቲዎች ለምርጫ ቦርድ በሚያቀርቡት የኦዲት ሪፖርት ላይ የአባላት መዋጮ በአንድ መስመር ተጠቃሎ ሲቀርብ ማን እንደሰጠ አይታወቅም። በዚያ መስመር ሥር አንድ ንዑስ ዐምድ እንዲጨመር እንጠይቃለን፤ ከ30 ዓመት በታች ከሆኑ አባላት የተሰበሰበ፣ በብርና በሰው ቁጥር፣ በየዞኑ ተለይቶ። ከሰሜን ጎንደር ዞን በኩል በመጀመሪያው ዓመት የሚሞላው ምናልባት ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮም ቢሆን ይጻፍ።